ከመጋረጃ ጀርባ የተንሾካሾከው

አዳማ፣ ፍራንኮ ሰፈር ውስጥ ሻሼ የማታውቀው ጉዳይ የለም። የማን ልጅ ከማን ጋር ባጃጅ ውስጥ እንደታየች፣ የትኛው ነጋዴ ሁለተኛ ቤት እንዳለው፣ የትኛዋ ጎረቤት እንግዳ ሲመጣባት ድስቷን አልጋ ሥር እንደምትከት፣ ሁሉም እሷ ዘንድ አለ። ጠዋት ዱካዋን በር ላይ አውጥታ ከተቀመጠች፣ ምሳ ሰዓት ሳይደርስ የመንገዱ ወሬ ሁሉ ጭኗ ላይ ተከምሮ ታገኙታላችሁ። ፊደል የቆጠረችው በመሠረተ ትምህርት ጊዜ ነው፣ እሱንም ግማሽ ላይ ትታው ወጣች። ከሰው አፍ የወጣች ቃል ከሆነች ግን እስከነትንፋሿ ይዛ አርባ ዓመት ታቆያታለች።

እንዲህ ያለችው ሴት ናት እንግዲህ በገዛ ቤቷ ወሬ የጠማት። ባሏን ጫምሳን ባለፈው መስከረም ስትሮክ መታው። እጁ ተመለሰ፣ እግሩም በከዘራ ተመለሰ፣ ምላሱ ግን አልተመለሰም። ሐኪሙ "ይሰማል፣ ቃሉ ነው የጠፋበት፣ ታገሡ" አለ። እህቱ ከሁሩታ ድረስ መጥታ በኦሮምኛ "አካም ጅርታ፣ ኦቦሌሳ ኮ"፣ እንዴት ነህ ወንድሜ እያለች አንድ ቀን ሙሉ አጠገቡ ተቀመጠች። በእናቱ ቋንቋ ስታወራው እንኳ ከንፈሩ አልተንቀሳቀሰም።

ሻሼ መታገሥ የሚባል ነገር አታውቅበትም። አንድ ቀን ሆን ብላ ሽሮው ውስጥ ጨው አበዛችበት፣ ይቆጣኝ ይሆናል ብላ። ሙልጭ አድርጎ በላው። ሌላ ቀን የሟች አባቱን ስም እየጠራች ሰደበችው። ዓይኑን መስኮቱ ላይ እንደተከለ ቀረ። "ስድብም ቢሆን መልስልኝ" አለችው፣ ከዚያ ማድ ቤት ገብታ በነጠላዋ ጫፍ አፏን ይዛ አለቀሰች። የምትፈልገው አንድ ቃል ነበር። ለሐኪም ያልሆነች፣ ለእህቱም ያልሆነች፣ ለሻሼ ብቻ የሆነች አንዲት ቃል።

የልጃቸው ልጅ ሊዲ አብራቸው ነው የምትኖረው። እናቷ ላንጋኖ ሆቴል ስለምትሠራ ያሳደጓት እነሱ ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ጨርሳ ሥራ እስክታገኝ ድረስ አንድ ነገር ይዛለች፤ የድሮ ቲያትሮችን በስዕል እየሣለች፣ በሦስት ደቂቃ ቪዲዮ አሳጥራ እየተረከች፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ላይ ትለቃለች። የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች የድሮው ቲያትር አማርኛ ያንቃቸዋል። የሷን ቪዲዮ ሲያዩ ግን ማን ማንን እንደከዳ፣ ማን ለምን እንደሞተ ይገባቸዋል።

ሻሼ መጀመሪያ ያየች ቀን መነጽሯን አውልቃ ሳቀች።

"ይሄማ ሐሜት ነው።"

"ምኑ ነው ሐሜቱ እማዬ?"

"እሱ እሷን ወደደ፣ ወንድሟ ሰማ፣ ጎራዴ መዘዘ። ሌላ ምን አለው? ሐሜት ነው፣ ስዕል የተሳለለት። ግን አወራርሽ ልክ አይደለም።"

"እንዴት?"

"ሰውዬው የማን ልጅ እንደሆነ የነገርሽኝ ከሞተ በኋላ ነው። እንደገባ ነው የሚነገረው። ሰው የማን ልጅ እንደሆነ ላላወቀው ሰው እንዴት ብሎ ያለቅሳል?"

ሊዲ እየሳቀች ሞከረችው። ከዚያ ወዲህ "ይሄ ደግሞ ማነው" ብሎ የጻፈላት ተማሪ የለም። ሻሼም ሥራ አገኘች ማለት ነው፤ አዲስ ቪዲዮ ሳይለቀቅ በፊት ለእሷ ይታያል፣ እሷም "እዚህ ጋ ቸኮልሽ"፣ "ይቺ አማት ጠባይዋ አልወጣላትም" እያለች ታርማለች።

በየካቲት አንድ ቀን ሊዲ አሮጌ ወረቀት በላስቲክ ጠቅልላ ገባች። በታይፕ የተመታ ነው፣ ዳሩ ቢጫ ሆኗል። ድሮ ወንጂ ያስተምር የነበረ አንድ ጡረተኛ አስተማሪ ነው የሰጣት።

"እማዬ፣ 'የጉድጓዱ ውሃ' የሚባል ቲያትር ታውቂያለሽ? አባባ ወንጂ እያለ የሠራበት አይደለም እንዴ?"

ሻሼ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች።

"ከየት አመጣሽው?"

"አስተማሪው ቤቱ ለሚያስጠናቸው ልጆች ሲያነብላቸው፣ መጨረሻው የለም። ግማሹን ምስጥ በልቶታል። ሌላ ቅጂ የትም የለም አለኝ። ልጆቹ ደግሞ ውሃው ለማን እንደደረሰ ሳናውቅ እንዴት እንቀራለን እያሉ ነው።"

"ወረቀቱን ከቤቴ አውጪው።"

"እማዬ—"

"አውጪው ብያለሁ።"

ነገሩ እንዲህ ነው። በሰባ ሰባት ዓ.ም. ጫምሳና ሻሼ ከተጋቡ ገና ሦስተኛ ወራቸው ነበር። ወንጂ፣ ከሸንኮራው ሠራተኞች ካምፕ አንዱ ውስጥ አንዲት ክፍል ነበረቻቸው። የሠራተኛው ክበብ የቲያትር ቡድን ነበረው፣ ጫምሳም ከሥራ ሲወጣ እዚያ ይሄዳል። መድረክ ላይ ወጥቶ ግን ታይቶ አያውቅም። ከመጋረጃው ጀርባ ነው የሚቀመጠው። ሻሼ መጋረጃ የሚስብ ነበር የሚመስላት።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ለልምምድ ሲቆይባት፣ ምሳውን በሳህን ከድና ወሰደችለት። በጓሮ በር ገባች። መድረኩ ላይ ፋኢዛ የምትባለው ልጅ፣ የቲያትሩ ዋና ሴት፣ ጀርባዋን ለመጋረጃው ሰጥታ ቆማለች። የጫምሳ አፍ በመጋረጃው ስንጥቅ ወጥቶ ጆሮዋ ሥር ነው። እንዲህ ሲል ሰማችው፤ "ልቤ ከዚህ አይሄድም።" ፋኢዛ ዓይኗን ጨፈነች።

ሻሼ ምሳውን ይዛ ተመለሰች። ለጫምሳ ምንም አላለችም። ሰኞ ጠዋት ቦኖ ላይ እንስራዋን ስትሞላ ለአንዲት ሴት ብቻ ነገረች። ለአንዲት ሴት ነው፣ ከዚያ በላይ አልነገረችም። ማታውን ወሬው መጨረሻው ካምፕ ደርሶ ነበር፣ መንገድ ላይም ጽንስ ተጨምሮበታል። በሳምንቱ የፋኢዛ ወንድሞች እየጎተቱ ከክበቡ አወጧት። በወሩ መተሐራ ላለ፣ በዕድሜ አባቷ ለሚሆን ነጋዴ ተዳረች። ሦስት ጊዜ የታየው ቲያትር አራተኛ ሳይታይ ተዘጋ።

ጫምሳ ያን ጊዜ አንድ ቀን ብቻ ተናገረ። "ቃል ነው ያቀበልኳት፣ ሻሼ።"

"ቃል መሆኑንማ በጆሮዬ ሰማሁ" አለችው።

ከዚያ በኋላ አልተከራከረም። እሷም ጥላው አልሄደችም፣ ይቅር አለችው። አርባ ዓመት ሙሉ ይቅር አለችው። በፋሲካ ይቅር ትለዋለች፣ በልጃቸው ሠርግ ይቅር ትለዋለች፣ ሥጋ ሲከፋፈል የተሻለውን ብልት ሰጥታው "እኔ እንዲህ ነኝ፣ ሆዴ ቂም አይዝም" ትለዋለች። እሱ አንገቱን ደፍቶ ይበላል።

ይሄ ሁሉ እያለ ሊዲ ወረቀቱን አላወጣችም። በማግስቱ ሳሎን ቁጭ ብላ ድምፅዋን ለመቅዳት ጮክ ብላ ማንበብ ጀመረች። ጫምሳ ወንበሩ ላይ ነው። ሻሼ በንዴት አተር እየለቀመች ነው። ሊዲ ሁለተኛው ገጽ ላይ መሥመሩ ጠፋባትና ዝም አለች።

በዝምታው መሃል ሹክሹክታ መጣ።

"ገመዱን ማን…"

አተሩ ከሻሼ ጭን ተበተነ። ተነሥታ ፊቱ ላይ ተደፋች። "ምን አልክ? ጫምሳ፣ ምን አልክ?" እሱ እሷን አያይም። የሊዲን አፍ ነው የሚያየው። ሊዲ ወረቀቱ ላይ ፈልጋ አገኘችው፤ "ገመዱን ማን በጠሰው፣ ወንድሜ ሆይ?" ብላ አነበበች። ጫምሳ ራሱን ነቀነቀ።

አስተማሪው ሊዲን በስልክ ነው ያስረዳት። በዚያን ዘመን ተዋናይ ቃል ሲጠፋበት ከመጋረጃ ጀርባ የሚያስታውሰው ሰው ነበረ፣ አስታዋሽ ይባላል። ዓረፍተ ነገሩን በሙሉ አይናገርም፣ ራስ ራሱን ብቻ፣ ሁለት ሦስት ቃል ይሰጣል። ቀሪውን ተዋናዩ ያውቀዋል። የዝምታ ጠባቂ ነው፤ ሰው ካላቆመ እሱ አይናገርም።

"አያትሽ የሁሉንም ተዋናይ ቃል በልቡ ይዞ ነበር" አላት አስተማሪው። "መድረክ ላይ ግን አንድም ቀን ሰው አላየውም።"

ሻሼ ይሄን ስትሰማ አፏን በእጇ ያዘች፣ ወዲያው ደግሞ አወረደችው። መጋረጃ ነበር የሚስብ የመሰላት። ግን ያ ቅዳሜ ሌላ ነው አለች በልቧ፤ እሱን በዓይኔ አይቼዋለሁ፣ በጆሮዬ ሰምቼዋለሁ።

የተጠላው ወረቀት ቤት ውስጥ እንዲቆይ የፈቀደችው ለዚያ ለሹክሹክታው ስትል ነው። በየቀኑ ከምሳ በኋላ ሊዲ ታነባለች፣ ሆን ብላ ታቆማለች፣ ጫምሳ ይሰጣታል። ሻሼ አጠገቡ ሆና የትንፋሹን ሙቀት ትሰማለች። ድምፁ አምስት ወር ጠፍቶባት ነበር፣ አሁን ለሌላ ሰውም ቢሆን ይናገራል። በዚህ ከቀጠለ አንድ ቀን ወደ እኔ ይዞራል ብላ ጠበቀች።

በአራተኛው ቀን ሊዲ ስዕሉን ለመጀመር አሰበችና ጠየቀች።

"እማዬ፣ ይቺን ስሚኝማ። ዘርፌ የምትባለዋ ሴት ሁለቱ ወንድሞቿ በጉድጓዱ ተጣልተው ሊጋደሉ ነው። 'ከዚህ አገር ውጪ' ይሏታል። እሷም ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆማ እንዲህ ትላለች፤ 'ልቤ ከዚህ አይሄድም፣ አባቴ የቆፈረው ውሃ ነውና።' ይሄን በምን ልሣለው? ፊቷን ላሳይ ወይስ ጉድጓዱን?"

ሻሼ ወደ ወረቀቱ ቀረበች።

"እማዬ?"

"ድገሚልኝ እስቲ።"

ሊዲ ደገመችላት።

"እዚያ ላይ ተጽፏል?"

"ይኸው፣ ገጽ ሠላሳ አንድ።"

"ጣትሽን አድርጊበት።"

ሊዲ ጣቷን አደረገችበት። ሻሼ ፊደሏን ከየት እንዳመጣችው ፈጣሪ ይወቅ፣ አንድ በአንድ እየገፋች አነበበችው። ል፣ ቤ፣ ከ፣ ዚህ። መሠረተ ትምህርት ትታው የወጣችው ያ ወሬ በተነሣ ጊዜ ነው፣ ወንጂን ለቀው በወጡ ዓመት። አርባ ዓመት ሙሉ በዚህች ቃል ባሏን ስትገርፈው ኖራለች፣ ቃሏ ግን ለሴት የተነገረች አልነበረችም። ለጉድጓድ ነበረች።

ሊዲ ነገሩን የሰማችው ያን ዕለት ነው። ሻሼ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ሁሉን ነገረቻት፣ ሳህኑን፣ ቦኖውን፣ የፋኢዛን ወንድሞች። ሊዲ ምንም ሳትናገር ሰማቻት፣ ሻሼን ከማንኛውም ስድብ በላይ የጎዳት ይሄ ዝምታ ነው።

ከዚያ ተነሥታ ጫምሳ ፊት ሄደች። ጉልበቱን ያዘች።

"ጫምሳ፣ አጥፍቻለሁ። ይቅር ያልኩህን ሁሉ መልስልኝ። ምንም አላደረግህም ነበር።"

ጫምሳ ከጭንቅላቷ በላይ ያያል፣ ሊዲ ወረቀቱን እንደገና እስክታነሣ ይጠብቃል።

ወረቀቱ ገጽ ሠላሳ ስድስት ላይ አለቀ። ከዚያ ወዲያ ያለውን ምስጥ በልቶታል። ሊዲ ዝም ስትል ጫምሳ ቀጣዩን ራስ ሰጣት። የምታነበው የላትም። ደገመላት፣ ጠበቃት። ዓይኑ ውስጥ ጭንቀት ገባ፣ ግንባሩ አላበው። ሰው መድረክ ላይ ቆሞ ቃል የጠፋበት ነው የሚመስለው። ሌላ ራስ ሰጣት፣ ሌላ ጨመረ። ሊዲ ስልኳ ውስጥ የቀዳችው ሁሉ ራስ ነው፣ ጭራ የለውም።

"ቀሪውን የሚያውቁት ተዋናዮቹ ናቸው" አለች ሊዲ። "አስተማሪውን ጠይቄው ነበር፤ ታላቁን ወንድም የሠራው ቀልቤሳ ሞቷል፣ ታናሹን የሠራው አምባዬም ሞቷል። አንድ ሰው ነው የቀረው።"

ማን እንደሆነች ሻሼ ታውቃለች።

ማክሰኞ ጠዋት በሚኒባስ ወደ መተሐራ ሄደች። ወለንጪቲን አልፎ ያ ጥቁር የተቃጠለ ድንጋይ መንገዱን ከግራ ከቀኝ ይዞት ሲሄድ፣ የበሰቃ ሐይቅ ሲመጣ፣ አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት ወሬ ልትጀምራት ሞከረች። ሻሼ መልስ አልሰጠቻትም። እንዲህ ሲሆን በዕድሜዋ የመጀመሪያዋ ነው።

ፋኢዛ ገበያው ዳር ጨርቅ ትሸጣለች። ባሏ ከሞተ ቆይቷል። ወፍራለች፣ ሻሽዋን እስከ ቅንድቧ አውርዳለች፣ አረማመዷ ግን የመድረክ እንደሆነ ነው። ሻሼ በሩ ላይ ቆመች።

"ሻሼ ነሽ" አለች ፋኢዛ ቀና ብላ። "ግቢ። ፊትሽን ብረሳ አፍሽን አልረሳውም።"

"ጫምሳ ታሟል።"

"ሰምቻለሁ። አንቺ ባትልኪውም ወሬ እዚህ ይደርሳል።"

ሻሼ በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። የመጣላት አንድ ነገር ብቻ ነው።

"ልቤ ከዚህ አይሄድም" አለች።

ፋኢዛ አቡጀዲ በሜትር እየለካች ነበር። ቀና ሳትል፣ ሳታስበው፣ "አባቴ የቆፈረው ውሃ ነውና" አለች። ከዚያ ሜትሩ እጇ ላይ ቆመ።

"ይሄን ማን ነገረሽ?"

"ሲነግርሽ ሰማሁት። ያን ቅዳሜ። የሰማሁት ይቺን ብቻ ነው።"

ፋኢዛ ብዙ አሰበች። ነገሩ ሲገባት ፊቷ ላይ ይታያል።

"በዚህች ነው?" አለች በመጨረሻ። "በዚህች ብቻ? ቀሪውን እስክል ብትቆዪ ምን ነበረበት?"

"ቸኩዬ ነበር።"

"የት ለመድረስ?"

"ለሰው ልነግር።"

ፋኢዛ ጨርቁን አጥፋ መደርደሪያው ላይ መለሰችው። "አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር፣ ሻሼ። በዚያ ቲያትር ቃል የጠፋብኝ ያን ቀን ብቻ ነው። መንጋጋዬ አብጦ ነበር የመጣሁት።"

"ዓይንሽን ስትጨፍኚ አይቼሽ…"

"ጥርሴን አሞኝ ነው፣ አንቺ ሴትዮ። ጥርሴን አሞኝ ነው ዓይኔን የጨፈንኩት።"

 ውጪ የጋሪ ፈረስ ያልፋል። ሳቅ የሚመስል ነገር በመሃላቸው መጥቶ ነበር፣ ሁለቱም ግን አላነሡትም።

ሻሼ ስለ ቪዲዮው ነገረቻት፣ ራስ ብቻ ስለሚሰጠው ስለ ጫምሳ፣ ዓይኑ ውስጥ ስለሚገባው ጭንቀት። ፋኢዛ ጀርባዋን ሰጥታ ሰማች።

"እመጣለሁ" አለች። "ለሱ ነው የምመጣው። አንቺን ይቅር ልል እንዳይመስልሽ፣ ወላሂ ከሆዴ አልወጣሽም። ወንድሞቼ እያመኑሽ ሞቱ። አንድ ነገር ግን ታደርጊያለሽ። ልጅቷ የምትሠራው ነገር መጨረሻ ላይ ቲያትሩ ለምን እንደቆመ ትናገሪያለሽ። ስምሽን ጠርተሽ፣ በራስሽ አፍ።"

"ስንት ሰው ነው የሚያየው?" አለች ሻሼ በፍርሃት።

"ቦኖው ላይ ከነበረው ይበልጣል።"

ሐሙስ ከሰዓት ፋኢዛ አዳማ መጣች። ሊዲ "ይግቡ፣ እትዬ ፋኢዛ" ብላ ጎንበስ ብላ ተቀበለቻት። ሻሼ ሳሎኑ መሃል ቆማለች። ሰላም ማለት አለባት፣ ቁጭ በይ ማለት አለባት፣ ከዚያ የሚበልጠውንም ማለት አለባት። አልወጣላትም። ያቺ ምላስ፣ ሰፈሩን ሁሉ ያስተዳደረችው ምላስ፣ ላንቃዋ ላይ ተጣበቀች። ቤቱ ጸጥ አለ።

ከወንበሩ በኩል ሹክሹክታ መጣ።

"በድያለሁና…"

ሻሼ ዞረች። ጫምሳ እሷን ነው የሚያየው። ከመስከረም ወዲህ ዓይኑ ዓይኗ ላይ ሲያርፍ ይሄ የመጀመሪያው ነው። ከንፈሩን ወደፊት አሹሎ፣ እጁን በትንሹ ከፍ አድርጎ፣ መድረክ ላይ ቃል ለጠፋበት ሰው እንደሚደረገው፣ እየጠበቃት ነው።

"በድያለሁና…" አለች ሻሼ። ቀሪውን አታውቀውም። "በድያለሁና፣ ጫምሳ፣ እኔ ያን ጊዜ ልጅ ነበርኩ—"

ራሱን ወዘወዘ። ልክ አይደለም። እንደገና ሰጣት። "በድያለሁና…"

ፋኢዛ በሩ ሥር እንደቆመች፣ "የታላቅየው ወንድም ቃል ነው" አለች፣ ድምፅዋ ሰለል ብሎ። "ቀልቤሳ ነበር የሚለው። 'በድያለሁና ከውሃው አታጠጡኝ' ነው።"

"በድያለሁና ከውሃው አታጠጡኝ" አለች ሻሼ።

ጫምሳ ራሱን ነቀነቀ። ልክ ነው። ከዚያ ዓይኑን ከእሷ አነሣና ወደ ፋኢዛ ዞሮ የዘርፌን ራስ ሰጠ። ፋኢዛ ቦርሳዋን መሬት ላይ አስቀመጠች፣ ጀርባዋን ቀና አደረገች፣ ቀጠለች።

አንድ ሰዓት ፈጀ። የራሷን ቃል ሁሉ ታውቀዋለች፣ የሌሎቹን ደግሞ አንዳንዱን። የማታውቀው ላይ ሲደርሱ ጫምሳ ሦስቴ ሰጥቶ ይጠብቃል፣ ፋኢዛ "እሱ የአምባዬ ነው፣ አላስታውሰውም" ትላለች፣ ሊዲ ክፍተቱን እንዳለ ትቀዳለች። መጨረሻው ታወቀ። ወንድማማቾቹ እንዳይጋደሉ ዘርፌ ሌሊቱን ብቻዋን ድንጋይ ስትሸከም አድራ የአባቷን ጉድጓድ ትሞላዋለች። ንጋት ላይ ባዶ እንስራዋን አዝላ መንገድ ትጀምራለች።

"ውሃው አለ…" አለ ጫምሳ።

"ውሃው አለ፤ የደረቅነው እኛ ነን" አለች ፋኢዛ።

ጫምሳ ሁለት እጁን ጭኑ ላይ አመጣ። የሌለ ወረቀት ሰበሰበ፣ ዳር ዳሩን አስተካከለ፣ ለሁለት አጠፈው። ከዚያ እጆቹን በላዩ አሳርፎ መስኮቱን ማየት ጀመረ።

ሊዲ ስልኳን ወደ ሻሼ አዞረች። "እማዬ፣ አሁን ያንቺ ነው። ቪዲዮው ላይ አሥራ አምስት ሰከንድ ብቻ ነው የቀረን፣ ባጭሩ።"

ሻሼ ባጭሩ ተናግራ አታውቅም። ከካምፑ አሠራር ጀመረች፣ ሊዲ አቆመቻት። ሁለተኛ ከሳህኑ ጀመረች፣ ምን እንደነበረበትም ተናገረች፣ ሊዲ አቆመቻት። ሦስተኛ ዕድሜዋን፣ አራተኛ የአማቷን ክፋት አመጣች። ፋኢዛ ሻሽዋን እያስተካከለች ቆማ ትሰማለች። በስምንተኛው ሻሼ እጇን ሆዷ ላይ አደረገች።

"ሻሼ እባላለሁ። ይሄ ቲያትር የቆመው ያላወቅሁትን አውርቼ ነው። ፋኢዛ ምንም አላደረገችም። ባሌም ምንም አላደረገም።"

"ይበቃል" አለች ፋኢዛ። ቦርሳዋን አነሣች። ምሳ ቅረቢ ቢሏት መኪና ያመልጠኛል አለች። ጫምሳ ፊት ጎንበስ ብላ "ደህና ሁን ወንድሜ" አለችው። አላያትም፤ ቲያትሩ አልቋል። ሻሼን በእጇ ትከሻዋ ላይ ነካ አደረገቻትና ወጣች። ይቅርታ ይሁን፣ መንገድ ልቀቂ ይሁን፣ ሻሼ እስካሁን አልለየችውም።

ሊዲ ቪዲዮውን በሳምንቱ ለቀቀችው። ተማሪዎቹ "አሁን ገባኝ" እያሉ ጻፉ። ቃሉ የጠፋበት ቦታ ላይ ሰዎቹን አፋቸውን እንደከፈቱ ሣለቻቸው፣ ጫምሳ የሰጣትን ራስ ብቻ ከሥር ጻፈችበት፤ ብዙዎቹ ያለቀሱት እዚያ ላይ ነው። አንዳንዱ ደግሞ "ሻሼ የምትባለዋ ገጸ ባሕርይ ስንተኛው ክፍል ላይ ነው የምትገባው? ፈተና ላይ ትመጣለች?" ብሎ ጠየቀ። ሊዲ ይሄን ስታነብላት ሻሼ ሳቀች፣ ሳቋ መሃል ላይ ተቆረጠ።

ጫምሳ ከዚያ ሐሙስ ወዲህ አልተናገረም። ሊዲ ወረቀቱን ይዛ ታነባለች፣ ታቆማለች፣ ትጠብቃለች። ምንም የለም። ሌላ ቲያትር አምጥታ ሞከረች፣ ምንም የለም። አስተማሪው "ሥራውን ጨረሰ" ነው ያለው። ሻሼ ግን የምታስበው ሌላ ነው። ሰውዬው መጨረሻውን እየፈለገ ነበር ሲናገር የቆየላት፣ እሷ ደግሞ በገዛ እግሯ መተሐራ ድረስ ሄዳ መጨረሻውን አመጣችለት። ለእሷ የወጣችው ቃል አንዲት ናት፣ እሷም የቀልቤሳ ነበረች።

አሁን በር ላይ አትቀመጥም። ሰፈሩ ግራ ገብቶታል፣ "ሻሼን ምን ነካት" እየተባለ ነው፣ ታማለች የሚልም አለ፣ ሃይማኖት ቀየረች የሚልም አለ። ከምሳ በኋላ በሩን ትዘጋለች። ዱካዋን ጫምሳ ፊት ለፊት ታደርጋለች፣ እጆቿን ታጣምራለች፣ አፏን ትዘጋለች። ያ ሰው የሚናገረው ሌላ ሰው ዝም ሲል ነው፣ ይሄን አሁን አውቃለች። ፀሐዩ ከመስኮቱ እስኪወርድ ድረስ አንዲት ቃል ሳታወጣ ትጠብቀዋለች።